ሲቲኤልኤ-4 ወይስ ፒዲ-1? የቲ-ሴል ሁለቱ ፍሬኖች

ማዘጋጃ ቤት አካባቢ ማኪያቶ ይዘን ተቀምጠናል። የአክስቴ ልጅ ሕክምና ተማሪ ናት። "ከሲቲኤልኤ-4 እና ከፒዲ-1 የቱ ይበልጣል?" አለችኝ። ከፊታችን ሚኒባሶች የቸርችልን ቁልቁለት ፍሬን እየያዙ ይወርዳሉ። መልሴም ከዚያው መጣ።

ቲ-ሴል ጀርም የሚያሳድድ የመከላከያ ሕዋስ ነው። ፍሬን ካጣ ግን የገዛ አካላችንን ያጠቃል። ሲቲኤልኤ-4 እና ፒዲ-1 እንዲህ የሚይዙት ሁለት ፕሮቲኖች ናቸው።

የት ይሠራሉ? ሲቲኤልኤ-4 መነኻሪያው ላይ፣ ማለትም የመከላከያ ሕዋሳት በሚሰባሰቡበት እጢ (ሊምፍ ኖድ) ውስጥ፣ ቲ-ሴሉ ገና ሊነሳ ሲል ይይዘዋል። ሲዲ28 የተባለው "ሂድ" ባይ የሚፈልጋቸውን ሞለኪውሎች አጥብቆ በመያዝ ይሻማዋል። ፒዲ-1 ግን በአብዛኛው መንገድ ላይ ነው። ቲ-ሴሉ ልብ ወይም ሳንባ ሲደርስ፣ እዚያ ያሉት ሕዋሳት ፒዲ-1ን የሚጫነውን ፒዲ-ኤል1 የተባለ ፕሮቲን አሳይተው "በቃህ" ይሉታል።

ቢጠፉስ? እኔን የሚያስደነግጠኝ ይሄ ነው። ሲቲኤልኤ-4 የሌላቸው አይጦች በተወለዱ በ3 እና 4 ሳምንት ይሞታሉ። ፒዲ-1 የሌላቸው ቆይተው ነው የሚታመሙት፤ እንደ ዝርያቸው ሉፐስ መሰል በሽታ (መከላከያው የገዛ አካልን የሚያጠቃበት) ወይም የልብ ሕመም ይይዛቸዋል።

መድኃኒቱስ? ካንሰርም በእነዚህ ፍሬኖች ይደበቃል። ሲቲኤልኤ-4ን የሚያግደው ኢፒሊሙማብ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2011 ተፈቀደ፤ የፒዲ-1 ማገጃዎች በ2014 ተከተሉ። የመጀመሪያው አንጀትን ክፉኛ ያስቆጣል። የፒዲ-1ዎቹ በአብዛኛው ይሻላሉ፣ ታይሮይድና ሳንባ ግን ክትትል ይፈልጋሉ።

ስለዚህ ለሳንባ ካንሰር ፒዲ-1ን ማገድ ይቀድማል። ለከባድ ሜላኖማ (የቆዳ ካንሰር) አንዳንዴ ሁለቱም አብረው ይታገዳሉ። የገዛ መከላከያዋ መገጣጠሚያዋን አጥቅቶ ለሚያሳብጥባት (ሩማቶይድ አርትራይተስ ላለባት) እናት ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ከሲቲኤልኤ-4 የተሠራው አባታሴፕት የተባለ መድኃኒት ፍሬኑን ያጠብቅላታል።