ፊኑ ይፈታ ወይስ ይቆይ? ከአንድ ዌክቦርድ ጋር ያሳለፍኩት ወቅት

ይህን ዌክቦርድ፣ ማለትም በገመድ እየተጎተቱ ውሃ ላይ ቆመው የሚሄዱበትን ሰሌዳ፣ 22 ቀን ነድቼዋለሁ። 17ቱን ቀን ከጀልባ ኋላ፣ 5ቱን ቀን ደግሞ በኬብል (ያለ ጀልባ፣ ከላይ በተዘረጋ ሽቦ የሚጎትት መሣሪያ)። ስለ ቀለሙና ስለ ሥዕሉ አልጽፍም። የምጽፈው ሆዱ ላይ በብሎን ስለሚታሰሩት አራት ትናንሽ ፊኖች ነው። ዌክቦርድ የጀመረ ሰው ሁሉ ቶሎ የሚጠይቀው ጥያቄ ይኼው ነው፦ ፊኑ ይፈታ ወይስ ይቆይ? እኔም መልሱን ያገኘሁት ወቅቱ ሊያልቅ ሲል ነው።

መጀመሪያ ስለ ቦርዱ ትንሽ ልበል። ርዝመቱ 138 ሴንቲሜትር ነው፤ እኔ 68 ኪሎ ነኝ። ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለው ጉብጠቱ ወጥ ነው። ስለዚህ ውሃው ላይ ለስላሳ ነው፣ ፍጥነትም አይጥልም። ሁለቱ ጫፎቹ አንድ ዓይነት ናቸው፤ በየጫፉም ሁለት ሁለት ፊን አለ። ፊን የምንለው ከቦርዱ ሆድ ወጥቶ ውሃ ውስጥ የሚገባ፣ የዓሣ ክንፍ የሚመስል ፕላስቲክ ነው። የኔዎቹ 2.5 ሴንቲሜትር ያህል ጥልቀት አላቸው።

ፊን በሁለቱም ጫፍ መሆኑ ድሮ የነበረ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1985 ቶኒ ፊን የሚባል ሰው ያወጣው "ስከርፈር" የተባለ ቦርድ የሰርፍ ቦርድ (የባሕር ሞገድ ላይ ቆመው የሚሄዱበት ሰሌዳ) ቅርጽ ነበረው (የሰውየው ስም ከፕላስቲኩ ጋር መመሳሰሉ እንዲያው አጋጣሚ ነው)። ፊቱና ኋላው የተለያየ ነበር። ቦርድ ሠሪው ጂሚ ሬድመን በ1993 ሁለቱን ጫፍ እኩል ያደረገ ቦርድ ይዞ ሲመጣ ነው በግራ እግርም በቀኝ እግርም እየመሩ መሄድ የቀለለው።

ወደ ጉዳዬ ልመለስ። የመጀመሪያዎቹን 8 ቀናት ፊን አስሬ ነዳሁ። ጀልባውን የሚነዳልኝ ጓደኛዬ በሰዓት 29 ኪሎ ሜትር ነበር የሚሄደው፤ ገመዱን 15 ሜትር ላይ አድርገነው ነበር። ከውሃ ስነሳ ቦርዱ ቀጥ ብሎ ሄደልኝ። ከእግሬ ሥር አልዞረም። ፊን ዋና ሥራው ይህ ነው፤ ቦርዱ ወደ ጎን እንዳይንሸራተት ውሃውን ይዞ ይቆማል። ለጀማሪ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ገና ሚዛን እየተማራችሁ ቦርዱም የራሱን መንገድ ከመረጠ ብዙ ትወድቃላችሁ።

በሦስተኛው ቀን ኤጂንግ ጀመርኩ። ኤጂንግ ማለት ቦርዱን በአንድ ጎኑ አዘንብሎ፣ በጠርዙ ውሃውን እየቆረጡ ወደ ጎን መሄድ ነው። በተረከዝ በኩል ያለው ቶሎ ገባኝ። ወንበር ላይ እንደሚቀመጥ ሰው ጉልበቴን አጠፍኩ፣ ትከሻዬን ወደ ኋላ ሰጠሁ፣ ክንዴን ዘረጋሁ። ቦርዱ ወዲያው ታዘዘኝ። በአምስተኛው ቀን ዌኩን፣ ማለትም ጀልባው ከኋላው የሚተወውን ሞገድ፣ ተሻገርኩ። ቻልኩበት ብዬ አሰብኩ።

በዘጠነኛው ቀን ጠዋት ካቻቢቴ ይዤ አራቱንም ፊን ፈታሁ።

የዚያን ቀን ያየሁትን አልረሳውም። በተረከዜ ጠርዝ ገና ዘንበል ስል ቦርዱ ከሥሬ ሸሸ። በጀርባዬ ወደቅሁ። እንደገና ተነሳሁ፣ እንደገና ሸሸ። ጓደኛዬ ጀልባውን አቁሞ "ከኋላህ ያለውን ውሃ እየው" አለኝ። አየሁት። ከቦርዱ የሚወጣው ርጭት ሰፊና የተበታተነ ነበር። ጠርዙ እየቆረጠ ሳይሆን ሆዱ እየተንሸራተተ ነው ማለት ነው። 8 ቀን ሙሉ ውሃውን ሲይዝልኝ የነበረው ፊኑ ነው እንጂ የኔ ጠርዝ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሦስት ቀናት ከወቅቱ ሁሉ ብዙ ያስተማሩኝ ናቸው። ስህተቴ ሁለት ነበር። አንደኛው የገመዱን እጀታ ወደ ደረቴ መሳቤ ነው። እጀታው ደረት ላይ ሲወጣ ጀልባው የላይኛውን ሰውነታችሁን ይጎትታል፣ ወገባችሁ ይታጠፋል፣ ቦርዱም ጠፍጣፋ ይሆናል። እጀታውን ዝቅ አድርጌ ወደ ፊተኛው ዳሌዬ ሳስጠጋው ጉተታው በእግሬ በኩል አለፈ። ጠርዙ ያኔ ውሃውን ነከሰ።

ሁለተኛው ስህተት ሰዓቱ ነው። እኔ ከሩቅ ስነሳ በኃይል እቆርጥና ዌኩ ጋ ስደርስ ፈርቼ ቦርዱን ጠፍጣፋ አደርገው ነበር። ገመዱ እዚያው ይላላል። መሆን ያለበት ግልባጩ ነው። ሩቅ ላይ በዝግታ ትጀምራላችሁ፤ ወደ ዌኩ በቀረባችሁ ቁጥር ጠርዙን ታጠነክራላችሁ፤ የሞገዱ አናት ላይ ስትደርሱ ገመዱ ከምንጊዜውም በላይ የተወጠረ መሆን አለበት። ያ ውጥረት ነው ወደ ላይ የሚያነሳው። ያለ ፊን ይህን ማስመሰል አይቻልም። ጠርዙ ለአፍታ ከላላ ቦርዱ ወዲያው ይነግራችኋል።

በጣት በኩል ያለው ጠርዝ የባሰ ነበር። እዚያ ጎንበስ ማለት ያምራል፣ ግን አይሠራም። የረዳኝ የቅልጥሜን ፊት ቦርዱ ላይ የታሰረው ጫማ ላይ ተጭኖ ዳሌን ወደ እጀታው መግፋት ነው። ዓይንንም ከቦርዱ ላይ ማንሳት። በአስራ አንደኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ቀጭን፣ ንጹህ ርጭት ከኋላዬ ሲነሳ አየሁ። ጮህኩ። ጓደኛዬ የወደቅኩ መስሎት ጀልባውን አዞረ።

ከዚያ ፊኖቹን መልሼ አሰርኩ። ለውጡ ገረመኝ። ፍጥነቱን ወደ 34፣ ገመዱን ወደ 18 ሜትር ጨምረን በሙሉ ኃይል ስቆርጥ ቦርዱ በሀዲድ ላይ እንደሚሄድ ባቡር ሆነ። ግን ዋጋ አለው። ውሃው ላይ ቦርዱን ግማሽ ዙር ማዞር ስለማመድ ፊኑ ያዘው። ከዝላይ ሳርፍም ቦርዱ ትንሽ ከዞረ ፊኑ በጎን ይነክስና ይጥላል። ያለ ፊን እንዲህ ያለ ትንሽ ስህተት ተንሸራቶ ያልፋል።

የኬብሉ ነገር አጭር ነው፤ ፍቱት። እዚያ ገመዱ ከላይ ስለሚስብ ጉተታው ራሱ ያቀልላችኋል፣ ቦርዱን ለመያዝ የሚደረገው ትግልም ያንሳል። ፍጥነቱም በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ውሃው ላይ በተቀመጡ የሣጥንና የቱቦ መሰናክሎች ላይ መንሸራተት ከፈለጋችሁ ደግሞ ፊን ይያዛል፣ ይሰበራል፣ መሰናክሉንም ይቧጥጣል። ሄልሜት ሳታደርጉ ግን አትግቡ፤ ጠርዝ በተቃራኒው ሲገባ አወዳደቁ በጣም ፈጣን ነው።

አሁን ቅሬታዬ። የፊኖቹ ብሎኖች ይላላሉ። በስድስተኛው ቀን አንዱ ፊን ውሃ ውስጥ ወድቆ ቀረ። ይህን የሚያህል ቦርድ ሲሸጥ አንድ መለዋወጫ ፊንና ሁለት ትርፍ ብሎን ከረጢቱ ውስጥ መኖር ነበረበት፤ አልነበረም። በተመሳሳይ ቁመት ያለው ሌላ ፊን ፈልጌ እስካገኝ ለሁለት ቀን በሦስት ነዳሁ፤ ቦርዱም በአንድ በኩል ትንሽ ይጎትት ነበር። አሁን ከመውጣቴ በፊት እያንዳንዱን ብሎን በእጄ እፈትሻለሁ። ሮንዴላውን አትርሱት። በጣም አጥብቃችሁም አትሰሩ፤ ቦርዱ ውስጥ የተቀበረው የብሎን ቤት ከተበላሸ ፊን ማሰር ቀረ።

ጫማው ግን ጥሩ ነው። ተረከዜ ከውስጥ አይነሳም፤ ለኤጂንግ ደግሞ ይህ ከፊኑ ያልተናነሰ ነገር ነው። የፊተኛውን ጫማ አቅጣጫ 18 ዲግሪ፣ የኋለኛውን 0 አድርጌ ጀምሬ ነበር። አሁን ሁለቱንም ወደ ውጭ 9 ዲግሪ አድርጌያቸዋለሁ።

ከጀልባ ኋላ ለምትማሩ ምክሬ ይህ ነው። ዌኩን በተረከዝም በጣትም ጠርዝ በሁለቱም አቅጣጫ እስክትሻገሩ ፊኑን አትንኩ። ከተሻገራችሁ በኋላ ፍቱትና ሦስት ቀን ታገሱ። እየወደቃችሁ ቶሎ መልሳችሁ አትሰሩት፤ እኔ በመጀመሪያው ቀን ላደርገው ካቻቢቴውን አንስቼ ነበር፣ የከለከለኝ ጓደኛዬ ነው። ከዚያ ምርጫው የእናንተ ነው። እኔ ዝላይ የምለማመድ ቀን አስሬ እወጣለሁ፤ መዞር የምለማመድ ቀን ፈትቼ። ትርፍ ብሎኖቹ ላይፍ ጃኬቴ ካለበት ቦርሳ ውስጥ ናቸው።