የድሮ የጭቃ ቤት ላላችሁ፦ ጎበዝ አናጺ አለላችሁ

ሰላም ለሁላችሁ። ምስጋናም ጥቆማም ነው፣ ትንሽ ስለሚረዝም ታገሱኝ።

ጉለሌ ያለው የአያቶቻችን ቤት ቋሚው ጥድ፣ ማገሩ ባሕር ዛፍ፣ ከፊት የእንጨት በረንዳ ያለው የድሮ የጭቃ ቤት ነው። የጓሮው ግድግዳ ወደ ውጭ ጎብጦ ነበር። ያማከርናቸው ኮንትራክተሮች በሙሉ «አፍርሱትና በብሎኬት ስሩት» አሉን። አንዱማ ከመኪናው እንኳን አልወረደም።

እኚህ አናጺ (ጋሼ ነው የምንላቸው) መጥተው መጀመሪያ ያደረጉት የእያንዳንዱን ቋሚ እግር በሚስማር መውጋት ነው። ከመሬት ክንድ ያህል ከፍ ሲል ጥዱ ሚስማር አያስገባም፣ የበሰበሰው እግሩ ብቻ ነው። ለካ ድሮ አንድ ግንበኛ ግድግዳውን በሲሚንቶ ለስኖታል፣ አሸንዳም የለውም፣ ስለዚህ የገባው እርጥበት መውጫ አጥቶ እንጨቱን ሲበላ ኖሯል። «ሲሚንቶ ለጭቃ ቤት ኮንጎ ጫማ ነው፣ ውስጥ ለውስጥ ያልበዋል» አሉን።

ክዳኑን በባላ ደግፈው፣ ወራጁን በክሪክ ቀስ እያሉ አንስተው፣ የበሰበሰውን እየቆረጡ ከፈረሰ ቤት የወጣ ጥድ ቀጠሉበት፤ አሮጌውንና አዲሱን ግማሽ በግማሽ ጠርበው፣ አነባብረው፣ በቡሎን አሰሩት። ከሥሩ ድንጋይ አስገቡ፣ አሁን እንጨቱ አፈር አይነካም። ሲሚንቶው ተፍቆ ወጣ። ምርጊቱ በጤፍ ጭድ ተቦክቶ፣ በእግር ተረግጦ፣ እስኪብላላ ተቀመጠ (ሽታው ለጎረቤት ይቅርታ የሚያስጠይቅ ነው)። መጨረሻ ላይ ኖራ ተቀባ፣ አሸንዳ ተገጠመ። በረንዳውን ግን አልነኩትም። «ደህና ነው፣ ለምን ብራችሁን ታባክናላችሁ?» ብለው የራሳቸውን ሥራ የሚቀንሱ ባለሙያ ስንት አሉ?

ጉድለት ካላችሁኝ፣ ቀጠሮ ላይ ይዘገያሉ፣ ይቆጣሉም። ክፍያቸው በቀን ነው፣ ዕቃ የምትገዙት እናንተ ናችሁ። በክረምት አይጀምሩም፣ ጭቃው አይደርቅማ። ቤታችሁ በቅርስነት የተመዘገበ ከሆነ ደግሞ በአዋጅ 209/1992 መሠረት ከጥገናው በፊት ፈቃድ ያስፈልጋል፣ እሱን ሳትጨርሱ አትጥሯቸው።

ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ! እናታችን እርስዎን መርቃ አትጠግብም።

ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ራሳቸው ፈቅደውልኛል። ጠዋት ደውሉ፤ ከረፈደ ጣሪያ ላይ ናቸው፣ አያነሱም።