«አርባው መቼ ነው?» ብላ ለጠየቀችኝ የኮሌጅ ሴት

ይሄን ጽሑፍ ልጽፍ ብዬ ስንት ጊዜ ጀምሬ ተውኩት። ዛሬ ኦፍ ነኝ፣ ቡናም ፈልቷል፣ ይውጣልኝ።

ማመስገን የምፈልጋት አንዲት የኮሌጅ ሠራተኛ ናት። ስሜን አትጥሪ ብላኛለች። የሥራዋን ስም ግን መጥራት እችላለሁ፣ «ሰክሰስ ኮች» ይሏታል። የምትሠራው አድቫንስ በሚባለው ፕሮግራም ውስጥ ነው። እኛ ኖቫ የምንለው የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ከጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ጋር በ2018 የጀመረው ነው። ኖቫ ጀምረህ ሜሰን ትጨርሳለህ። ከመጀመሪያው ጀምሮ አንድ ሰው ይመደብልሃል፣ ወደ ሜሰን ስትሻገርም አብሮህ ይሻገራል። ስመዘገብ ይሄን ነገር ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም ነበር። ፈገግ ብሎ ብሮሹር የሚሰጥ ሰው መስሎኝ ነበር።

ባለፈው ዓመት ማርች መጀመሪያ ላይ ነው። ከሌሊት ሺፍት ገብቼ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ በሩ ተንኳኳ። አጎቴ፣ ሚስቱ፣ ከቤተ ክርስቲያን ሁለት ሴቶች። በማለዳ አራት ሰው ተሰብስቦ ደጅህ ላይ ሲቆም ለምን እንደመጣ ሐበሻ ሆኖ የማያውቅ የለም። እማዬ ደሴ ላይ አርፋ ነበር። እኔ ስሰማ ተቀብራለች።

ትኬቱ የዚያኑ ቀን ተቆረጠ። ከደለስ አውሮፕላን ማረፊያ፣ በር ላይ ተቀምጬ በስልኬ ለዚያች ሰክሰስ ኮች ኢሜይል ጻፍኩላት። «እናቴ ሞታለች፣ አራቱንም ክላስ ድሮፕ አድርጊልኝ።» ሰላምታም አልነበረውም።

ወዲያው ደወለች። መጀመሪያ ምንም ስለ ትምህርት አላወራችም። የእናትሽ ስም ማን ነበር ብላ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። እንደምንም አስተካክላ ለመጥራት ሞከረች። ከዚያ «ስንት ቀን ትቆያለሽ?» አለች። «እስከ አርባው» አልኳት። አርባው ምን እንደሆነ አልገባትም። ቆጥረን ነፍስ ይማር የምንልበት ቀን ነው፣ ካህን ይጠራል፣ ሰው ይበላል ይጠጣል ብዬ በተሰባበረ ድምፅ አስረዳኋት። «ቀኑ መቼ ላይ ይውላል?» አለች። አብራኝ ካላንደር ላይ ቆጠረች። ኤፕሪል አጋማሽ። ሴሚስተሩ ሊያልቅ ሦስት ሳምንት ሲቀረው።

«አትሂጂ» አላለችኝም። «ቶሎ ተመለሺ»ም አላለችኝም። ያለችኝ፣ «ዛሬ ሁሉንም ድሮፕ ካደረግሽ ምን እንደሚከተል ልንገርሽ፣ ከዚያ አንቺ ትወስኛለሽ» ነው።

የነገረችኝን እኔም ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ከዚያ በፊት አንድ ሰው እንኳ ነግሮኝ አያውቅም። ፔል ግራንት የሚሉትን የመንግሥት የትምህርት ድጎማ የምትወስዱ ከሆነ ከሴሚስተሩ 60 በመቶው ሳይሞላ ሁሉንም ክላስ ጥላችሁ ከወጣችሁ፣ ከገንዘቡ ያልተማራችሁበት ድርሻ ወደ መንግሥት ይመለሳል። ኮሌጁ ይመልስና ሂሳቡ እናንተ ላይ ይወድቃል። ዕዳ ካለባችሁ ደግሞ ብዙ ጊዜ ለሚቀጥለው ሴሚስተር መመዝገብ አትችሉም። እኔ 60 በመቶውን ልሞላ አስር ቀን ገደማ ነበር የቀረኝ። አስር ቀን! ስንት ልጅ ነው «አንድ ሴሚስተር አርፌ እመለሳለሁ» ብሎ በዚህ ዓይነት ዕዳ ቀልጦ የቀረው።

እዚያው በስልክ ሦስት ነገር ተስማማን። ስታቲስቲክሱን ብቻ መተው። ኦንላይን የነበረውን ከደሴ ሆኜ መቀጠል። ለአካውንቲንጉና ለእንግሊዝኛው ደግሞ አስተማሪዎቹ እንዲታገሱኝ እሷ ኢሜይል መጻፍ፣ እኔ ከታች አንድ መስመር መጨመር። አውሮፕላኑ ሲጠራ ኢሜይሎቹ ሄደው ነበር።

ለቅሶ ቤት ቁጭ ብዬ በእህቴ ስልክ፣ በቴሌ ዳታ፣ የክላስ ውይይት ላይ ስጽፍ ያዩኝ እናቶች ምን እንዳሉ አልነግራችሁም። ግን ጻፍኩ። በአሥራ ሰባተኛው ቀን ተመለስኩ። አርባውን እህቶቼ እዚያ አወጡ፣ እኔ እዚህ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ከቅዳሴ ስወጣ ስልኬ ላይ የሁለት መስመር መልእክት አገኘሁ። «ዛሬ አርባው ነው። ዛሬ ምንም አልጠይቅሽም።» ካላንደሯ ላይ ጽፋው ነበር ማለት ነው።

ሜይ ላይ ሌላ ጉድ መጣ። ከፋይናንሻል ኤይድ፣ የትምህርት እርዳታውን ከሚከታተለው ቢሮ፣ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ። ሥራ ላይ ሆኜ ነው ያነበብኩት፣ እግሬ ከዳኝ። በነጋታው ቢሮዋ ሄድኩ። በወረቀት ጀርባ ላይ ቁጥር ጻፈችልኝ። ከሁለቱ ሴሚስተር የሞከርኩት 24 ክሬዲት ነው፣ አንዱ ክላስ 3 ክሬዲት። ያለፍኩት 12፣ ምክንያቱም በመጀመሪያው ሴሚስተር አንድ ክላስ ወድቄ ነበር፣ አካውንቲንጉና እንግሊዝኛው ደግሞ ኢንኮምፕሊት፣ ያላለቁ፣ ሆነው ገና እንዳለፍኳቸው አልተቆጠሩም። 12 በ24 ግማሽ ነው። እርዳታው እንዲቀጥል የሚፈለገው ደግሞ ከሞከራችሁት 67 በመቶ ማለፍ ነው። ድሮፕ ተደርጎ በውጤቱ ቦታ ደብልዩ (W) የተጻፈበትም እንደሞከራችሁት ይቆጠራል። «ሁለቱን ብትጨርሺ 18 ይሆናል። 18 በ24፣ 75 በመቶ» አለችና ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመረች። ወረቀቱ አሁንም ፍሪጄ ላይ አለ። በዚያ ቀን ከደለስ ሁሉንም ድሮፕ ብዬ ቢሆን ኖሮ 9 በ24 ነበር የሚሆነው።

ሐምሌ ሳይገባ ሁለቱንም ጨረስኩ።

በነገራችን ላይ እኔ በሌለሁበት አጎቴ ለኮሌጁ ደውሎ ነበር፣ ልጅቷ ምን ላይ ናት ብሎ። ያለ ተማሪዋ ፈቃድ አንናገርም አሉት። «እኔ አይደለሁ እንዴ ያመጣኋት!» ብሎ እስካሁን ይናደዳል። ግን ሕጉ ነው፣ ከ1974 ጀምሮ ያለ የፌዴራል ሕግ፣ ፌርፓ ይሉታል። ልጆቻችሁ ኮሌጅ ከገቡ ፋይሉ የእነሱ ነው። ወላጆች ጠይቃችሁ ዝም ካሏችሁ ንቀት አይደለም። ልጁ ፈቃድ ይፈርም፣ ያልቃል።

የዚህች ሴት ጥቅም ደግነቷ ብቻ አይደለም፣ ደግ ሰው በየቦታው አለ። ትልቁ ነገር የኖቫንም የሜሰንንም ፋይል የምታውቅ አንድ ሰው መሆኗ ነው። የእማዬን ሞት በየመስኮቱ እየዞርኩ ሰባት ጊዜ መናገር አላስፈለገኝም። ስታቲስቲክሱን በድጋሚ ስወስድም የትኛው ክላስ ሜሰን ላይ እንደሚቆጠር ቀድማ አየችልኝ። ይሄ ቀላል ነገር አይምሰላችሁ። የአሜሪካ መንግሥት የኦዲት መሥሪያ ቤት በ2017 ባወጣው ሪፖርት ከ2004 እስከ 2009 ኮሌጅ የቀየሩ ተማሪዎች ከክሬዲታቸው በግምት 43 በመቶውን አጥተዋል። ሌላ ኮሌጅ የነበረች ጓደኛዬ አንድ ዓመት ሙሉ ነው የደገመችው።

ኒውዮርክም ተመሳሳይ ነገር አለ። የከተማዋ ዩኒቨርሲቲ፣ ኪዩኒ፣ በ2007 አሳፕ የሚባል ፕሮግራም ጀመረ። አማካሪው የሚይዘው ተማሪ ቁጥር ተገደበ፣ ለባቡርና ለአውቶቡስ ካርድ ተሰጠ። ተማሪዎችን በዕጣ ከፍለው ሲያጠኑት በሦስት ዓመት ውስጥ የተመረቁት 40 በመቶ ሆኑ። ፕሮግራሙን ካላገኙት 22 በመቶ። ገንዘቡም ረድቷል፣ እኔ ግን የማምነው አማካሪውን ነው።

ኖቫ ልትገቡ ከሆነ ወይ ገና መጀመሪያ ላይ ካላችሁ አድቫንስን ጠይቁ፣ ብዙ ክሬዲት ሳይጠራቀም። ሌላ ኮሌጅ ያላችሁ የእናንተ ሰው ማን እንደሆነ በመጀመሪያው ሳምንት ፈልጉ፣ ስልኩን ያዙ። እኛ ይሉኝታ አለብን፣ «ሰው ምን አስቸግራለሁ» እንላለን። እኔ ያን ቀን ኢሜይል የጻፍኩት እርዳታ ፈልጌ አልነበረም፣ ልሰናበታት ነበር።

ስጦታ ብሰጣት እምቢ አለች፣ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ፣ ደንብ አለ ብላ። የአጎቴ ሚስት የጋገረችውን ድፎ ዳቦ ይዤ ስሄድ ግን ለቢሮው ሁሉ ቆርሳ አካፈለችና የቀረውን ዳር ራሷ በላችው።