የመሪዎችን የአፍ ወለምታ ከምንጩ የሚያሳየው መዝገብ፦ ስለ "አሜሪካን ፕሬዚደንሲ ፕሮጀክት"

የአሜሪካ ፕሬዚዳንቶች ተሳስተው ተናገሩት የሚባለው ነገር ከፎቶግራፋቸው ጋር እየተለጠፈ በአማርኛ ገጾች ላይ በየጊዜው ይዞራል። ከዚህ ውስጥ አንዳንዱ በእርግጥ የተነገረ ነው፤ አንዳንዱ ከፊቱና ከኋላው ተቆርጦ ትርጉሙ የተዛባ ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ ከነጭራሹ ያልተባለ ነው። እነዚህን ሦስቱን ለመለየት ከሞከርኳቸው አገልግሎቶች ሁሉ በላይ የምተማመነው በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንታ ባርባራ በሚገኘው "አሜሪካን ፕሬዚደንሲ ፕሮጀክት" በተባለው የኢንተርኔት መዝገብ ነው። ስለዚህም የውጭ ዜና ለሚተረጉሙ፣ እንግሊዝኛ ለሚያስተምሩና ብዙ ተከታይ ያለው ገጽ ለሚያስተዳድሩ ወገኖች ምን እንደሚሰጥና ምን እንደማይሰጥ በዝርዝር መጻፍ ተገቢ መስሎ ታይቶኛል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ቀኖች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መዝገቡን በ1999 የጀመሩት ጆን ዉሊ እና ጌርሃርድ ፒተርስ የተባሉ ሁለት ምሁራን ናቸው። ለትርፍ የቆመ አይደለም፤ ከየትኛውም ፓርቲ ጋር አይወግንም፤ ክፍያም ሆነ ምዝገባ አይጠይቅም። የፕሬዚዳንቶች ንግግሮች፣ ጋዜጣዊ መግለጫዎች፣ የምርጫ ክርክሮች፣ የፓርቲ መርሐ ግብሮች፣ ትእዛዞችና ለእንግዶች ክብር በተደረጉ ግብዣዎች ላይ የተነገሩ ቃላት ሳይቀሩ በቀን፣ በተናጋሪና በዓይነት ተለይተው ይገኙበታል። አብዛኛው ጽሑፍ የተወሰደው የአሜሪካ መንግሥት ራሱ በየዘመኑ ከሚያሳትማቸው የፕሬዚዳንቶች የንግግር ጥራዞችና ከዋይት ሐውስ ቤተ መንግሥት ከሚወጡ ሰነዶች ነው። አንድ ሰው የሚያስታውሰውን ሐረግ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ አድርጎ ቢፈልግ፣ ሐረጉ በዚያው መልኩ ተነግሮ ከሆነ ሙሉው ንግግር ከነቀኑ ይቀርብለታል። የዚህ አገልግሎት ትልቁ ዋጋ ሙሉውን ንግግር ማቅረቡ ነው፤ የአፍ ወለምታ በትክክል የሚመዘነው ከፊቱና ከኋላው ያለው ዓረፍተ ነገር ሲነበብ ብቻ ነውና።

ለምሳሌ ጆርጅ ዳብልዩ ቡሽ ኦገስት 5 ቀን 2004 ከ400 ቢሊዮን ዶላር በላይ የሆነውን የመከላከያ በጀት ሕግ ሲፈርሙ የተናገሩትን እንመልከት። "ጠላቶቻችን አዳዲስ ዘዴ ፈጣሪዎችና ብልሃተኞች ናቸው፤ እኛም እንዲሁ ነን። አገራችንንና ሕዝባችንን የሚጎዱባቸውን አዳዲስ መንገዶች ከማሰብ አያቋርጡም፤ እኛም አናቋርጥም" ብለው ነበር። ፕሬዚዳንቱ የገዛ አገራቸውን ለመጉዳት ሌት ተቀን እንደሚያስቡ የሚናገሩ ስለሚመስል ዓለም ሁሉ ስቆበታል፤ ሳቁም ተገቢ ነው። ሆኖም ጥቅሱ በሚዞርባቸው ቦታዎች በአብዛኛው የሚቋረጠው እዚህ ላይ ሲሆን፣ በመዝገቡ ውስጥ ግን ቀጣዩ ዓረፍተ ነገር ተከትሎ ይገኛል፦ አገራችንን እንዴት አድርገን በተሻለ እንደምንከላከል ከማሰብ ፈጽሞ ማቋረጥ የለብንም ይላል። ሐሳቡ ከመጀመሪያውም ይህ እንደነበረ፣ የተሰናከለውም ሁለቱን ዓረፍተ ነገሮች የሚያገናኘው ማሰሪያ ብቻ እንደሆነ አንባቢው ያለማንም አስረጂ ይረዳዋል።

በዚያው ወር ማግስት፣ በሴፕቴምበር 2004፣ በሚዙሪ ግዛት ፖፕላር ብላፍ በምትባል ከተማ ስለ ሐኪሞች የተናገሩትም ከዚህ አይለይም። የማህፀንና የጽንስ ሐኪሞች "ፍቅራቸውን ከሴቶች ጋር መለማመድ" አልቻሉም ያሉት፣ በሕክምና ስሕተት ክስ ምክንያት የሚከፈለው የመድን ዋጋ ሐኪሞችን ከሥራቸው እያስወጣ ነው የሚል ክርክር በሚያቀርቡበት ጊዜ ነበር። ቀልዱ ክርክሩን ስለዋጠው ዛሬ ክርክሩን የሚያስታውስ ሰው ማግኘት ያስቸግራል።

ከሁሉ ይልቅ ደጋግሜ የማነበው ግን በሴፕቴምበር 17 ቀን 2002 በቴኔሲ ግዛት ናሽቪል የተደረገውን ንግግር ነው። ቡሽ "አንዴ ብታሞኘኝ ነውሩ ያንተ፣ ሁለቴ ብታሞኘኝ ነውሩ የኔ" የሚለውን የታወቀ አባባል ጀምረው፣ መሐል ላይ ጠፍቶባቸው፣ "ብታሞኘኝ... ዳግመኛ መሞኘት የለም" ብለው ጨርሰውታል። ይህች አጭር ቪዲዮ ከሃያ ዓመት በኋላም እየታየች ታስቃለች። ሙሉውን ጽሑፍ የሚያነብ ሰው ግን የሚያገኘው ሌላ ነገር ነው። ኢራቅ የተባበሩት መንግሥታት የጦር መሣሪያ መርማሪዎች ያለ ቅድመ ሁኔታ እንዲመለሱ መፍቀዷን ያስታወቀችው ከዚህ ንግግር አንድ ቀን ቀደም ብሎ ነበር፤ አባባሉም የተጠቀሰው ሳዳም ሁሴን ዓለምን ዳግመኛ እንዳያሞኝ ለማለት ነበር። ጦርነቱ የተጀመረው ከስድስት ወር በኋላ ነው። የተሰነካከለ ተረት ብቻ አድርጎ ያየውና በዚያን ሰሞን ምን እየተወሰነ እንደነበረ አውቆ ያነበበው ሰው የሚስቁት ሳቅ አንድ ዓይነት ሊሆን አይችልም፤ መዝገቡ ለሁለተኛው ዓይነት ንባብ በር መክፈቱን እጅግ አከብረዋለሁ።

የክርክሮቹ ክፍል ብቻውን ይህን አገልግሎት ለመጠቀም በቂ ምክንያት ነው። ጄራልድ ፎርድ ኦክቶበር 6 ቀን 1976 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ከጂሚ ካርተር ጋር ሲከራከሩ "በምሥራቅ አውሮፓ የሶቪየት የበላይነት የለም፤ በፎርድ አስተዳደር ዘመንም ፈጽሞ አይኖርም" ማለታቸው በአሜሪካ የምርጫ ታሪክ ከታወቁት ስሕተቶች አንዱ ነው። ብዙ ሰው የሚያውቀው ይህችን አንዲት መስመር ነው። ጽሑፉን ስናነብ ግን ከመስመሯ ይልቅ የሚያስደንቀው ከእርሷ በኋላ የመጣው ነው። ጠያቂው የኒው ዮርክ ታይምሱ ማክስ ፍራንክል ጆሮውን ያላመነ ይመስል፣ በትክክል ሰምቼዎት እንደሆነ ብሎ ጥያቄውን መልሶ ያቀርባል፤ ማረሚያ ዕድል የሚሰጥ ጥያቄ ነበር። ፎርድ ግን ዕድሉን ሳይጠቀሙ ዩጎዝላቮች፣ ሩማንያውያን፣ ፖላንዳውያንም ጭምር በሶቪየት ኅብረት ቁጥጥር ሥር ነን ብለው እንደማያስቡ በየተራ እየጠሩ ይቀጥላሉ። ካርተርም ወዲያው በአሜሪካ የሚኖሩትን የፖላንድ፣ የቼክና የሃንጋሪ ተወላጆች ይህን እንዲያሳምኗቸው ማየት እፈልጋለሁ ብለው ይመልሳሉ። የአንድን መሪ ስሕተት ከባድ የሚያደርገው መጀመሪያ ያመለጠው ቃል ሳይሆን ሲጠየቅ በዚያው መጽናቱ እንደሆነ ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ ሰነድ አላውቅም።

ጽሑፎቹ ወለምታን የሚመዘግቡበት መንገድም ሊጠና የሚገባው ነው። ቃል ሲቋረጥ አግድም ሰረዝ ይደረጋል፤ ታዳሚው ሲስቅ "ሳቅ" የሚል ምልክት በቅንፍ ይገባል። በሜይ 2007 ንግሥት ኤልዛቤጥ ዋይት ሐውስን በጎበኙ ጊዜ ቡሽ የአሜሪካን 200ኛ ዓመት ለማክበር የመጡበትን 1976ን ሊጠሩ ሲሉ 1700ዎቹን ጀምረው ነበር፤ ሰረዟና የሳቁ ምልክት በቦታቸው አሉ፤ ከዚያም ንግሥቲቱ እናት ብቻ ልጇን የምታይበትን ዓይነት አስተያየት እንዳዩዋቸው ፕሬዚዳንቱ ራሳቸው ሲናገሩ ይነበባል። ሮናልድ ሬጋንም በኦገስት 1988 በኒው ኦርሊንስ የፓርቲያቸው ጉባኤ ላይ፣ "እውነታዎች ግትር ናቸው" የሚለውን የጆን አዳምስ ቃል ሲጠቅሱ አንዴ "እውነታዎች ደደብ ናቸው" ብለው ወዲያው አርመውታል። መሪው የራሱን ስሕተት በዚያው ቅጽበት ሲያርም ማየት ለእኔ ከስሕተቱ በላይ ስለ ሰውየው ይነግረኛል። በአማርኛ "የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም" የምንለው እውነት ቢሆንም፣ ፈጥኖ ያረመና የካደ ሰው ግን እኩል ሊታዩ አይገባም።

ወደ ጉድለቱ ስመጣ፣ ዋናው ችግር ያለው በመዝገቡ ላይ ሳይሆን በሚቀበላቸው ሰነዶች ላይ ነው። ዶናልድ ትራምፕ በሴፕቴምበር 2017 በኒው ዮርክ የአፍሪካ መሪዎችን ሲያነጋግሩ "ናምቢያ" የምትባል አገር ጠርተው ነበር፤ ዋይት ሐውስ ባወጣው ጽሑፍ ግን አገሪቱ "ናሚቢያ" ሆና ተስተካክላለች። በጆ ባይደን ዘመን የተሻለ ልማድ ነበር፦ የተሳሳተው ቃል በላዩ ላይ መሥመር ተሠምሮበት እንዲታይ ይተውና ትክክለኛው በቅንፍ ይጨመር ነበር። አንባቢው የተባለውንም ሊባል የታሰበውንም ስለሚያይ፣ ይህ አሠራር ሐቀኛ ነው ብዬ አምናለሁ።

ይሁን እንጂ በዚያው ዘመን ኦክቶበር 29 ቀን 2024 የሆነው ነገር ማንኛውም የጽሑፍ ሰነድ በጥንቃቄ መነበብ እንዳለበት ያስገድደናል። አንድ ኮሜዲያን በትራምፕ የምርጫ ቅስቀሳ መድረክ ላይ ፖርቶ ሪኮን የቆሻሻ ደሴት ብሎ ተሳልቆ ስለነበር ባይደን ሲመልሱ የተናገሩት ዓረፍተ ነገር፣ ቆሻሻዎቹ የትራምፕ ደጋፊዎች ናቸው የሚልም፣ ቆሻሻው የአንድ ደጋፊያቸው ንግግር ነው የሚልም ተደርጎ ሊጻፍ ይችል ነበር፤ ልዩነቱ በእንግሊዝኛው አንዲት ጭረት ናት። የተነገረውን ቃል በቃል የሚመዘግቡት የቤተ መንግሥቱ ጸሐፊዎች የመጀመሪያውን ሲጽፉ የፕሬስ ክፍሉ ሁለተኛውን አወጣ፤ አሶሺየትድ ፕሬስ እንደዘገበውም የጸሐፊዎቹ ኃላፊ ይህን የአሠራር ደንብ መጣስ ነው ብለው በጽሑፍ ተቃውመዋል። ስለሆነም ቃል በቃል ሊጠቅስ የፈለገ ሰው ከጽሑፉ በተጨማሪ ድምፁን መስማት አለበት፤ "አሜሪካን ፕሬዚደንሲ ፕሮጀክት" ደግሞ በአብዛኛው የጽሑፍ መዝገብ ነው። ይህን ክፍተት ሲ-ስፓን የተባለው የቴሌቪዥን ድርጅት በነፃ የከፈተው የቪዲዮ ቤተ መዛግብት በሚገባ ይሞላዋል።

ሌላው ወሰኑ የመንግሥት ጥራዞች የሚሰበስቡት በሥልጣን ላይ ያለውን ፕሬዚዳንት ቃል መሆኑ ነው። ባራክ ኦባማ በሜይ 2008 በኦሪገን ግዛት 57 ስቴቶችን (አሜሪካ ያሏት 50 ናቸው) ጎበኘሁ ያሉት ገና ዕጩ ሳሉ ነበር። ምክትል ፕሬዚዳንት ዳን ኩዌልም በጁን 1992 በኒው ጀርሲ ትሬንተን በሚገኝ ትምህርት ቤት፣ አንድ ተማሪ በትክክል የጻፈውን የድንች መጠሪያ መጨረሻው ላይ ፊደል እንዲጨምርበት ያደረጉበት ታሪክ ከፕሬዚዳንቶች ንግግር ጋር በእኩል ደረጃ ተፈልጎ የሚገኝ አይደለም። ያልተባለም ነገር የተለጠፈባቸው እኒሁ ኩዌል ናቸው። ላቲን አሜሪካን ጎብኝተው ላቲን ቋንቋ ጠንክረው ባለማጥናታቸው እንደተጸጸቱ የሚነገረው፣ በ1989 ክሎዲን ሽናይደር የተባሉ የምክር ቤት አባል የተናገሩት ቀልድ ነበር፤ ዛሬም ድረስ የእሳቸው ቃል እየተባለ ይጠቀሳል። አንድን ሰው በእርግጥ በተናገረው ነገር መሳቅ ሲቻል ባልተናገረው መሳቅ በደል ነው፤ ሰውየው የማንወደው ፖለቲከኛ ቢሆንም እንኳ።

ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህን መዝገብ ሲከፍት የራሱን አገር ስም መፈለጉ አይቀርም፤ እኔም እንዲያደርገው እመክራለሁ። ኦባማ ጁላይ 27 ቀን 2015 አዲስ አበባ ላይ ከጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለማርያም ደሳለኝ ጋር በሰጡት ጋዜጣዊ መግለጫ መንግሥቱን በዴሞክራሲያዊ መንገድ የተመረጠ ማለታቸው ብዙዎችን አስቆጥቶ ነበር፤ የተባለበትን ዓረፍተ ነገር ሙሉውን ማንበብ የሚሻ በዚያ ይጀምር። ትራምፕ ኦክቶበር 23 ቀን 2020 ከሱዳንና ከእስራኤል መሪዎች ጋር በስልክ ሲነጋገሩ ግብጽ የሕዳሴውን ግድብ ታፈነዳዋለች ያሉት ግን ከእነዚህ አስቂኝ ስሕተቶች ጋር ተደባልቆ ሲቀርብ አይቼ አዝኛለሁ። ቃሉ አምልጧቸው አልነበረም፤ ደጋግመው፣ ሆን ብለው የተናገሩት ነው፤ የኢትዮጵያ መንግሥትም የአሜሪካን አምባሳደር ጠርቶ ማብራሪያ የጠየቀው በዚህ ምክንያት ነው። እንዲህ ያለው ንግግር በቀልድ ስብስብ ውስጥ ሊገባ አይገባውም።

አጠቃቀሙን በተመለከተ፣ ገጹ በብዛት ጽሑፍ ስለሆነ ኔትወርክ ሲደክምም ለመክፈት አያስቸግርም። ቋንቋው እንግሊዝኛ ብቻ መሆኑ ለብዙ ሰው እንቅፋት ነው፤ ስሕተቶችን ለይቶ የሚያሳይ ዝርዝር ስለሌለውም ፈላጊው ቀኑን ወይም ሐረጉን ይዞ መምጣት አለበት። በቡሽ ዘመን በየቀኑ አንድ ገጽ የሚቀደድላቸው የጥቅስ ካላንደሮች ይሸጡ ነበር፤ ለመሳቅ ብቻ ከሆነ እነርሱ ይቀልላሉ። ጥቅስ ተርጉሞ በስሙ ለሕዝብ የሚያወጣ ሰው ግን ሐረጉን በዚህ መዝገብ ፈልጎ፣ ከበላይና ከበታቹ ያለውን አንቀጽ አንብቦ፣ ቀኑን ይዞ ወደ ሲ-ስፓን በመሄድ ድምፁን ሰምቶ ቢጽፍ፣ ከአሥር ደቂቃ ያልበለጠ ጊዜ ብቻ ነው የሚወስድበት። ለጋዜጠኞችና ለእንግሊዝኛ መምህራን ያለ ማመንታት የምመክረው አገልግሎት ነው፤ አዘጋጆቹን የምጠይቀው ነገር ቢኖር የምክትል ፕሬዚዳንቶችንና የዕጩዎችን ያልተጻፈ የአደባባይ ንግግር እንዲያሰፉትና ከእያንዳንዱ ጽሑፍ ጎን ቪዲዮው ወዳለበት የሚያደርስ ማስፈንጠሪያ እንዲያኖሩልን ነው።