ለዛየኗ ሬንጀር ምስጋና፣ ልጆች ይዛችሁ ለምትጓዙም ጥቆማ

ሰላም ወገኖች! ዘንድሮ ከላስ ቬጋስ ልጆች ጭናችሁ ወደ ዩታ ፓርኮች ለመንዳት ያሰባችሁ ካላችሁ ይህቺን አንብቡልኝ። በዛየን ናሽናል ፓርክ ቪዚተር ሴንተር ያስተናገደችንን ሬንጀር (የፓርክ ጠባቂ) በአደባባይ ማመስገን እፈልጋለሁ። ሳላስፈቅዳት ስሟን አልጽፍም።

እኔ ስልኬ ላይ የያዝኩት ሰው ሁሉ ፎቶ የሚነሳባቸውን ቦታዎች ነበር። እሷ ግን ቀድማ ያየችው ልጆቹን ነው። ዕድሜያቸውን ጠየቀች፣ ውሃ ይፈሩ እንደሆነ ጠየቀች፣ አያታቸው ምን ያህል መራመድ እንደሚችሉ ጠየቀች። አማቴ ጉልበታቸውን እንደሚያማቸው ስነግራት ካርታ ዘረጋችና የፓርኩን አውቶቡስ 9ኛ ፌርማታ በእስክሪብቶ አከበበችልን።

በጋውን ወደ ሸለቆው በራስ መኪና አይገባም፤ ነጻ አውቶቡስ አለ። መጨረሻው፣ ማለትም 9ኛው ፌርማታ ላይ ወርዳችሁ ወንዙን ይዛችሁ የምትሄዱበት ሪቨርሳይድ ዎክ ደርሶ መልሱ 3.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ ንጣፍ ስለሆነ የልጅ ጋሪም ይሄድበታል። አማቴ አረፍ እያሉ ጨረሱት፤ እኔ በበኩሌ አልጠበቅኩም ነበር።

ንጣፉ ሲያልቅ ናሮውስ ይጀምራል፤ ሰው ወንዙ ውስጥ እየተራመደ ወደ ጠባቡ ገደል የሚገባበት። ትልቋ ልጄ የጓጓችው ለእሱ ነበር። ሬንጀሯ የዕለቱን የጎርፍ ትንበያ አሳየችን፣ ጎርፍ ሊኖር ይችላል ይላል። ከዚያ ጎንበስ ብላ ለልጅቷ አስረዳቻት፦ እዚህ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ሩቅ ቦታ የጣለው ዝናብ ድንጋዩ ስለማይመጠው ተንደርድሮ እዚያ ጠባብ ውስጥ ይደርሳል። በተለይ ከጁላይ እስከ ሴፕቴምበር። እኔ ብከለክላት ኖሮ ቀኑን ሙሉ ታኮርፍ ነበር። ከዩኒፎርም ለባሽ ስትሰማው ግን እሺ አለች!

ሁለቱም ልጆች ስለ ፓርኩ ጥያቄ እየመለሱ የሚሞሉትን የጁኒየር ሬንጀር ደብተር በነጻ ወሰዱ። ከሰዓት በኋላ ሲመልሱ እንዲሁ ማኅተም መትታ አልሸኘቻቸውም፤ ገጽ በገጽ እያየች ጠየቀቻቸው። ትንሹ ለስኩረል ዳቦ ቆሎ ሊሰጥ እንደነበር ሲናዘዝላት ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ ስኩረል እንደሚነክስና የሰው ምግብ እንደሚጎዳው ነገረችው። ቀኝ እጃቸውን አስነስታ ቃል አስገባቻቸውና ባጃቸውን ሰጠቻቸው። ልጁ ባጁን ፒጃማው ላይ ሰክቶ ነው የተኛው።

በማግስቱ ለሄድንበት ብራይስ ካንየንም ጃኬት ያዙ ያለችን እሷ ናት። አፋፉ ከ2400 ሜትር በላይ ስለሆነ ቬጋስ ሲነድ እዚያ ማታ ይበርዳል። አማቴ "እንደ አዲስ አበባ ነው በሉኛ!" ብለው ጋቢያቸውን አወጡ።

የ4ኛ ክፍል ተማሪ ያላችሁ፣ ኤቭሪ ኪድ አውትዶርስ የሚባለውን ነጻ የፓርክ መግቢያ ፓስ ሳታወጡ እንዳትነሱ፤ ከልጁ ጋር በአንድ የግል መኪና ያላችሁትን ሁሉ ያስገባል፣ የሚያገለግለውም እስከ ኦገስት 31 ነው። ዩታ ከኔቫዳ አንድ ሰዓት ትቀድማለችና መነሻችሁን በዚያ አስሉ። ፓርኪንጉ ቶሎ ስለሚሞላ በጠዋት ግቡ። ከዚያ ቀጥታ ወደ ሬንጀሮቹ ጠረጴዛ ሂዱና የልጆቻችሁን ዕድሜና ያላችሁን ሰዓት ንገሯቸው፤ ምክሩ አይከፈልበትም።

እህቴ፣ ይህን የሚተረጉምልሽ ሰው ካገኘሽ፣ ከመላው ቤተሰባችን እግዜር ይስጥልን።