የራምቦ ደብዳቤዎች፦ የሐረሩን ቤት ያየ ሰው ይሄን መጽሐፍ ያንብብ

ሐረር ሄዶ የፈረንሳዊው ገጣሚ የአርተር ራምቦ ቤት ፎቶ የማይነሳ ጎብኚ ጥቂት ነው፣ ሰውዬው ከዛ ከተማ ምን ብሎ ይጽፍ እንደነበር የሚያውቅ ግን ብዙም አላጋጠመኝም። እኔ ያነበብኩት ዋያት ሜሰን ወደ እንግሊዝኛ የመለሰውን ነው፣ እ.ኤ.አ. 2003 የወጣው፣ እና በጣም ወድጄዋለሁ።

መጀመሪያ ላይ ያሉት የልጅነቱ ደብዳቤዎች እሳት ናቸው፣ በተለይ በ1871 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ስለ ግጥም የጻፋቸው ሁለቱ። ከዛ በ1880 የየመኗ ወደብ ኤደን ይገባል፣ ለአንድ ቡና ነጋዴ ይቀጠርና ወደ ሐረር ይላካል፣ ከዛ በኋላ ግጥም የሚባል ነገር የለም! ቡና፣ ቆዳ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ግመል፣ ብር፣ ለእናቱ ደግሞ የእጅ ሙያና የምህንድስና መጻሕፍት ላኩልኝ የሚል ትዕዛዝ። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይሰለቻል፣ ለኔ ግን ምርጡ ክፍል ይሄ ነው፣ ምክንያቱም ሐረር የሄደው ነፍሱን ፍለጋ ነው እየተባለ የሚወራው ነገር ደብዳቤዎቹ ውስጥ የለም፣ ያለው ሰርቶ መለወጥ የፈለገ፣ የደከመው ሰው ነው። በግንቦት 1883 ከሐረር ለቤተሰቡ ሲጽፍ አለማግባቱ ይቆጨዋል፣ አንድ ልጅ ኖሮት አሳድጎ አስተምሮ ትልቅ ኢንጂነር ሲሆንለት ማየት ይመኛል። እዛች ጋ አንጀቴን ነው የበላው።

ለምኒልክ መሳሪያ ይዞ የመጣበት ታሪክ ብቻውን የመጽሐፉን ዋጋ ያወጣል። ታጁራ (ዛሬ ጅቡቲ ውስጥ ያለችው ወደብ) ላይ ወራት ይቆማል፣ ሸሪኩ ይሞትበታል፣ በ1887 ሸዋ ሲደርስ ንጉሡ ዋጋውን ይቀንሱበታል፣ የሟቹ አበዳሪዎች ደግሞ ይከቡታል። ይሄን ሁሉ ኤደን ለነበረው የፈረንሳይ ምክትል ቆንስል አንድ በአንድ ዘርዝሮ ይጽፍለታል።

ስለኛ ሰው የጻፋቸው አንዳንድ ቃላት ያማሉ፣ ንቀት አለባቸው፣ እሱን መደበቅ አያስፈልግም። በ1890 ግን የሐረር ሰው ስልጡን ነን ከሚሉት ነጮች አይብስም፣ እንደውም ክፋቱ ያንሳል፣ ውለታም ያውቃል ብሎ ጽፏል። በቀጣዩ ዓመት ማርሴይ ላይ እግሩ ሲቆረጥ ራስ መኮንን ማዘናቸውን ጽፈውለታል። ሊሞት አንድ ቀን ሲቀረው እንኳ ለእህቱ እየነገረ ያስጻፈው ለመርከብ ድርጅት ነው፣ ስንት ሰዓት ተሸክመው እንደሚያሳፍሩት ለማወቅ። 37 ዓመቱ ነበር።

ጊዜ የሌለው ሰው የ1871ዱን ሁለት ደብዳቤዎች አንብቦ ቀጥታ ወደ 1880 ይሻገር፣ ፈረንሳይኛ የምትችሉ ግን በራሱ ቋንቋ አንብቡት።