ልጃችን ደሴ ሙቀት ክፍል ስትቆይ ያየነው አገልግሎት

ስለ ነርሶቹ ሙያ ከምስጋና በቀር የምለው የለኝም። ስለ እናቶች ማረፊያ ግን ወቀሳ አለኝ። ሁለቱንም የምጽፈው ነገ ሪፈር ተጽፎላቸው ለሚሄዱ ወላጆች ነው።

የምንኖረው ኮምቦልቻ ነው። ልጃችን በ31ኛው ሳምንት፣ 1 ኪሎ ከ400 ግራም ሆና ተወለደችና ወደ ደሴ ተላክን። አዋላጅ ነርሷ ዳይፐርና ኮፍያ ብቻ አድርጋላት ከባለቤቴ ደረት ጋር ገላ ለገላ አስተኛቻት፤ በነጠላ ጥብቅ አድርጋ አሰረቻቸው፤ ከላይ ጋቢ ደረበችላቸው። ደሴ ከኮምቦልቻ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች፤ ሐረጎን ሽቅብ ሲወጡ ብርዱ መኪና ውስጥ ሳይቀር ይገባል። ያለ ጊዜዋ ለተወለደች ሕፃን ደግሞ ብርድ ራሱን የቻለ አደጋ ነው። ስንደርስ የሰውነቷ ሙቀት ሲለካ 36.7 ዲግሪ ነበር፤ ከ36.5 በታች መውረድ የለበትም። ተረኛዋ ሐኪም "ማን ነው እንዲህ አድርጎ የላካችሁ?" ብላ ጠየቀችን፤ የአዋላጇን ስም በኩራት ነገርናት።

ሙቀት ክፍል እንደገባች ለመተንፈስ የሚያግዛት፣ በአፍንጫዋ አየር በግፊት የሚሰጥ ሲፓፕ የሚባል መሣሪያ ተደረገላት። የቱቦው ጫፍ ውሃ ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ይገባል። ውሃው ከተፍለቀለቀ ግፊቱ አለ፤ ጸጥ ካለ አየር የሚያመልጥበት ቦታ አለ ማለት ነው። ይህን ያስተማረችን ነርሷ ናት። አንድ ሌሊት ውሃው ጸጥ ማለቱን ያየችው ባለቤቴ ነበረች፤ ነርሷን ጠራቻት፤ እሷም ከልጃችን አፍንጫ የተንሸራተተውን ቱቦ ወዲያው መልሳ አስተካከለችው። ለወላጅ እንዲህ አድርጎ የሚያስረዳ ክፍል በሌላ ቦታ አላጋጠመኝም።

ወተት የምትወስደው በአፏ በገባ ቀጭን ቱቦ ነበር። ባለቤቴ በየሦስት ሰዓቱ ጡቷን በስኒ ታልባለች። ነርሷ የሲሪንጁን መግፊያ አውጥታ ባዶውን ከቱቦው ጋር ታገናኛለች፤ ወተቱን ታፈስበትና ከፍ አድርጋ ትይዘዋለች እንጂ አትገፋውም። ወተቱ በራሱ ክብደት ቀስ እያለ ይወርዳል። ከፈጠነ እጇን ዝቅ ታደርጋለች። ክፍሉ ሞልቶ፣ ሌላ ሕፃን እያለቀሰ እንኳ ስትቸኩል አላየኋትም። በመጀመሪያው ቀን የታለበው የሻይ ማንኪያ አይሞላም ነበር፤ ባለቤቴ አፍራ ስኒውን በነጠላዋ ስትሸፍነው "አብሽሪ፣ እንገር ነው፤ ለእሷ ይበቃታል" አለቻት።

ሲፓፑ ከተነሳላት በኋላ ሕፃናት በወላጅ ደረት ላይ ገላ ለገላ ታቅፈው ወደሚቆዩበት ካንጋሮ ክፍል ተዛወርን። ቤተሰብ ሊጠይቅ ሲመጣ "ማሽን ጠፍቶ ነው እንዴ ደረት ላይ የምትታቀፈው?" ይል ነበር። ጥያቄው ከመሬት የተነሳ አይደለም፤ በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ የአካባቢያችን የጤና ተቋማት መዘረፋቸውን ሁላችንም እናውቃለን። አሠራሩም ሲጀመር፣ እ.ኤ.አ. በ1978 በኮሎምቢያ ቦጎታ፣ መነሻው የማሞቂያ ሣጥን እጥረት ነበር። አሁን ግን የእጥረት መሸፈኛ አይደለም። በጋና፣ በሕንድ፣ በማላዊ፣ በናይጄሪያና በታንዛኒያ በተደረገ ጥናት፣ ልክ እንደ ልጃችን ከ1 ኪሎ እስከ 1 ኪሎ ከ800 ግራም ገደማ የሚመዝኑ ሕፃናት ከተወለዱ ጀምሮ ደረት ላይ ሲታቀፉ ሞት በሩብ ቀንሷል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2022 እ.ኤ.አ. በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት እንዲታቀፉ መክሯል። እዚያ ክፍል ውስጥ አንዷ ዱዓ እያደረገች፣ ሌላዋ ማርያምን እየተማጸነች፣ ሁሉም ልጃቸውን ደረታቸው ላይ አስረው ሲውሉ አይቻለሁ። ግራሙ ሲጨምር የአንዷ ደስታ የሁሉም ነበር።

ወደ ወቀሳዬ ልምጣ። ሕፃኗ ሙቀት ክፍል እያለች እናቲቱ ከማዋለጃ ክፍል "ድነሻል" ተብላ ትወጣለች፤ አልጋ የላትም። ባለቤቴ በደሴ ብርድ ኮሪደር ላይ ላስቲክ አንጥፋ ነው የተኛችው። በየሦስት ሰዓቱ ጡት እንድታልብ የሚጠበቅባት አራስ የምትጋደምበት ፍራሽ እንኳ ከሌላት ወተቱ ከየት ይመጣል? ይህ የበጀት ጉዳይ ብቻ ነው ሲሉኝ አልቀበልም፤ አንድ ክፍል ለቅቆ ፍራሽ መደርደር ይቻላል። የጨቅላ ሕፃናት ሕክምና በመንግሥት ተቋም ነጻ መሆኑም እውነት ነው፤ ሆኖም መድኃኒት ቤቱ ውስጥ ያልተገኘውን ከውጭ እንድንገዛ ተደርገናል። ገንዘብ ያልያዘ አባት ወረቀቱን ይዞ ፒያሳ ለፒያሳ ሲንከራተት ማየት ያማል።

አባቶችን በተመለከተም ጥበቃው መጀመሪያ በሩን ዘግቶብኝ ነበር። በኋላ አንዷ ሲስተር "አባትም ደረት አለው፤ እናትየው ትረፍ" ብላ አስገባችኝ። ከዚያ ወዲህ ከሰዓት በኋላ ልጄን የምታቀፈው እኔ ሆንኩ። ትንፋሿ ሲቆራረጥ ጀርባዋን ቀስ አድርጌ እየዳሰስኩ እንዴት እንደምቀሰቅሳት፣ ከንፈሯ ከጠቆረ ግን ሳልዘገይ እንድጣራ አሳይተውኛል። ይህ ለአንድ አባት በበጎ ፈቃድ የተሰጠ ዕድል ሳይሆን ለሁሉም የተጻፈ አሠራር ሊሆን ይገባል።

የምትሄዱ ሰዎች ለእናቲቱ ፍራሽና ወፍራም ብርድ ልብስ ያዙ፤ የአጃ አጥሚት በፔርሙዝ የሚያመላልስ ዘመድም ደሴ ውስጥ ፈልጉ። ለሕፃኑ ኮፍያና ካልሲ፣ ለአባትየው ደግሞ ከፊት በቁልፍ የሚከፈት ሰፊ ሸሚዝ ያስፈልጋል።